ክሪስቶፈር ሾልስ እና ሊለውጠው ያልቻለው የቁልፍ ገበታ

ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለአንድ አነስተኛ መቆጣጠሪያ መሣሪያ እንዲስማማ አድርጎ ለማዘጋጀት የተነሣ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ረዥም የጥያቄ ዝርዝር ነው። ከርነል በሚባለው የሥርዐቱ አስኳል ውስጥ የትኛው ክፍል ተዋሕዶ እንዲገባ፣ የትኛው በተፈለገ ጊዜ ብቻ እንዲጫን፣ የትኛውስ ጨርሶ እንዲቀር በየተራው ይጠየቃል። ከእነዚህም ምዕራፎች አንዱ ለግብዓት መሣሪያዎች የተመደበው ነው። በውስጡ የቁልፍ ገበታ፣ ማውስ፣ ጆይስቲክ፣ የሥዕል ሰሌዳና በጣት የሚነካ ስክሪን በየክፍላቸው ተደርድረው ይገኛሉ። መሐንዲሱ ለአብዛኞቹ እንደ ሥራው ጠባይ አዎን ወይም አይደለም እያለ ያልፋል። በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው የተለመደው የኮምፒዩተር ዐይነት ላይ ግን ኤቲ ኪቦርድ ከተባለው ጥያቄ ሲደርስ መልሱ አስቀድሞ በአዎንታ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። በሌላ ስፍራ የባለሙያ ምርጫዎች ይከፈቱልኝ ብሎ ካላመለከተ በቀር ጥያቄው ራሱ አይቀርብለትም።

ይህን መልስ ማን ሞላው? ስያሜው የተወሰደው አይ. ቢ. ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1984 ካወጣው ኮምፒዩተር ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን በዚያ ገበታ ላይ ያለው የቁልፎች አደራደር ከኮምፒዩተር እጅግ የቀደመ ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር ይሰጣል፤ 16 ኪው፣ 17 ደብልዩ፣ 18 ኢ፣ 19 አር፣ 20 ቲ፣ 21 ዋይ እያለ እስከ 25 ድረስ ይዘልቃል። ይህ ቅደም ተከተል የላቲን ፊደል ተራ አይደለም፤ በሒሳብም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ ሳይንስ ምክንያት ሊሰጠው አይችልም። ምንጩ በ1870ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር ሚልዋኪ በተባለች ከተማ የኖረ አንድ የጋዜጣ አታሚ ነው። የማኅበራችን አባላት በየዕለቱ ጣታቸውን የሚያሳርፉበትን ገበታ ያቆየላቸው ይህ ሰው ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ ይባላል። ሕይወቱን መለስ ብለን የምንመለከተው ዝናውን ለማደስ ብቻ አይደለም፤ ለጊዜው ተብሎ የተወሰነ ነገር በምን መንገድ ቋሚ መሠረት ሊሆን እንደሚችል ከእርሱ ታሪክ የተሻለ የሚያስረዳ ስለማይገኝ ጭምር ነው።

አታሚውና ሕግ አውጪው

ሾልስ የተወለደው በፔንሲልቬኒያ ግዛት ሙርስበርግ በተባለች ትንሽ ቀበሌ በየካቲት ወር 1819 ነው። ገና በልጅነቱ በዳንቪል ከተማ ከአንድ ማተሚያ ቤት ገብቶ የፊደል ለቀማን ሙያ ተማረ። በዚያ ዘመን አንድ ገጽ የሚዘጋጀው እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ከሣጥኑ በእጅ እያነሡ፣ ተገልብጦና ወደ ኋላ ዞሮ እየተነበበ፣ መስመር በመስመር በመደርደር ነበር። ፊደል ለእርሱ ከጽሑፍ ምልክትነቱ በፊት የሚጨበጥና የሚመዘን፣ በመደብ የሚቀመጥ ቁሳዊ ነገር ነበረ ማለት ይቻላል። ኋላ የሠራውን ሥራ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

በ1837 ዓ.ም. ገና የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ ወደ ዊስኮንሲን ተሻገረ። ዊስኮንሲን በዚያን ጊዜ ሙሉ የግዛት መብት ያላገኘች አዲስ አገር ነበረች። በዚያም ጋዜጣ አዘጋጅ፣ የፖስታ ቤት ኀላፊና የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ አገለገለ፤ በተለያዩ ጊዜያትም በግዛቱ ሁለት ምክር ቤቶች ተቀምጧል። በ1851 በኬኖሻ ከተማ ጆን ማካፈሪ የተባለ ሰው በአደባባይ በስቅላት ሲቀጣ የሾልስ ጋዜጣ ነገሩን ተከታትሎ አቀረበው። ሾልስ የሞት ቅጣት እንዲቀር በጽሑፉም በምክር ቤቱም ከተከራከሩት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበር። በ1853 ግዛቲቱ ቅጣቱን በሕግ አስቀረች፤ ከዚያ ወዲህም አልመለሰችውም። ይህ ውሳኔ በአደባባይ ክርክር የተፈተነ፣ ድምፅ የተሰጠበትና ምክንያቱ በጽሑፍ የሰፈረ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ያደረገው ሌላ ውሳኔ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም።

ወደ ሚልዋኪ ከተዛወረ በኋላ በጋዜጣ አዘጋጅነት ቀጠለ፤ ዘግየት ብሎም የወደቡ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ። የመንግሥት ሥራው ረጋ ያለ ስለ ነበረ የመፈልሰፍ ፍላጎቱን የሚወጣበት ጊዜ ሰጠው። ቀደም ሲል ፊደል ለቃሚዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ፊደል የሚለቅም መኪና ለመሥራት ሞክሮ ነበር፤ ሙከራው ግን ሳይሳካ ቀርቷል።

በክላይንስቱበር ወርክሾፕ

በሚልዋኪ ክላይንስቱበር የተባለ ሰው የሚያስተዳድረው አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነበረ፤ በዚያም አዳዲስ ነገር መሞከር የሚወዱ ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር። ሾልስ ሳሙኤል ሱል ከተባለ የማተሚያ ባልደረባው ጋር ሆኖ በቲኬትና በደብተር ገጾች ላይ ተከታታይ ቁጥር የሚያትም መሣሪያ በዚህ ቤት ሠራ፤ በኅዳር 1866 ፓተንት ተሰጣቸው። በዚያው ወርክሾፕ ስለ ማረሻ መሣሪያ ይመራመር የነበረ ካርሎስ ግሊደን የተባለ ጠበቃ ይህን አይቶ፣ ቁጥር የሚያትም መኪና ፊደልስ የማያትመው ለምንድን ነው የሚል ሐሳብ አነሣ። በ1867 ክረምት ደግሞ ጆን ፕራት የተባለ ሰው በለንደን ስለ ሠራው የመጻፊያ መሣሪያ በአንድ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ እጃቸው ገባ። ሾልስ የፕራትን አሠራር ውስብስብ ሆኖ ስላገኘው በሌላ መንገድ ለመሞከር ወሰነ።

የመጀመሪያው ሞዴል የተሠራው ከአንድ የቴሌግራፍ መምቻ ነው። መምቻው ሲጫን ደብልዩ የተባለችው አንዲት ፊደል የተቀረጸባት ትንሽ ክንድ ወደ ላይ ተወርውራ መስተዋት ላይ የተዘረጋውን የካርቦን ወረቀት ትመታለች፤ ከካርቦኑ ጋር የተደረበው ነጭ ወረቀትም ፊደሊቱን ይቀበላል። መኪናው ከዚህች አንዲት ፊደል በቀር ሌላ አይጽፍም ነበር። ቢሆንም የነገሩ ሁሉ ፍሬ ሐሳብ በዚያች ፊደል ተገልጧል፤ አንድ ጣት፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ፊደል። በ1867 መጨረሻ ግድም ሙሉ ፊደል ያለው መኪና ቆመ፤ ለሦስቱ ሰዎችም በሰኔ 1868 የፓተንት መብት ተፈቀደላቸው። በዚህ ፓተንት ላይ የሚታየው ገበታ እንደ ፒያኖ ቁልፎች በሁለት ረድፍ የተሠራ ሲሆን ፊደሎቹም በተለመደው ተራቸው የተደረደሩ ነበሩ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ሾልስ ሥራውን የጀመረው ማንም ሰው ሊጀምርበት በሚችለው ቀላል ሥርዐት ነው።

ወደዚህ ሥራ ጄምስ ዴንስሞር የተባለ ሰው በገባ ጊዜ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ዴንስሞር መኪናውን በዓይኑ ሳያይ፣ በመኪናው ተጽፎ የተላከለትን ደብዳቤ ብቻ ተመልክቶ፣ እስከዚያ የወጣውን 600 ዶላር ከፍሎ የሩብ ድርሻ ባለቤት ሆነ። በ1868 መጥቶ ሲያየው ግን ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ከማሳየት በቀር ለገበያ የማይበቃ መሆኑን ሳይደብቅ ነገራቸው። ሱልና ግሊደን ቀስ በቀስ ከሥራው ሲርቁ ሾልስና ዴንስሞር ጸኑ። የሁለቱ ጠባይ እጅግ የተራራቀ ነበር። ሾልስ ለዘብተኛ፣ ቶሎ የሚከፋ፣ ከንግድ ይልቅ የሐሳቡ ውበት የሚያስደስተው ሰው ሲሆን፣ ዴንስሞር ደግሞ ጯሂና ግትር፣ ግቡን ሳያይ እንቅልፍ የማይወስደው ነበር።

ዴንስሞር መኪናውን ለፈተና የሰጠው በቃል የሚነገረውን በፍጥነት መዝግበው በንጹሕ ወረቀት ለሚገለብጡ ሰዎች ነው። ከእነዚህም አንዱ የዋሽንግተኑ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ጄምስ ክሌፈን ነበር። ክሌፈን ለመኪናዎቹ ምንም ርኅራኄ አላሳየም፤ የተላከለትን እስኪሰበር ድረስ ይሠራበታል፤ ጉድለቱንም አንድ በአንድ ጽፎ ይልካል። ሾልስ በነቀፋው ብዛት ተማርሮ ሥራውን ለመተው ደርሶ ነበር፤ ዴንስሞር ግን ጉድለቱ በፋብሪካ ከሚገለጥ አሁን ቢገለጥ ይሻላል በማለት አጽናናው። እስከ 1873 ድረስ አያሌ ሞዴሎች እየተሠሩ ተጣሉ፤ የብረት ሥራው ባለሙያ ማቲያስ ሽዋልባክም በዚህ ድካም ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የፊደሎቹ መሰደድ

ገበታው መልኩን የለወጠው በእነዚህ የፈተና ዓመታት ነው። መኪናው ፊደል ተሸካሚ ክንዶች ያሉት ሲሆን፣ ክንዶቹ በክብ ቅርጽ ተንጠልጥለው ከሥር ወደ ላይ እየተወረወሩ በሮለሩ የታችኛው ገጽ ያለውን ወረቀት ይመቱ ነበር። ወደ ስፍራቸው የሚመለሱት በራሳቸው ክብደት ነው። ጸሐፊው በችኮላ ሲመታ የመጀመሪያው ክንድ ሳይመለስ ሁለተኛው ይነሣና በመንገድ ላይ ይጋጫሉ። ከሁሉ የከፋው፣ አመታቱ ከሥር ስለ ሆነ ስሕተቱ የሚታየው ጥቂት መስመሮች ከተጻፉ በኋላ መሆኑ ነበር።

ፊደሎቹ ከተራቸው ተነሥተው የተሰደዱት ይህን ግጭት ለመቀነስ ነው የሚለው ማብራሪያ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ኮይቺና ሞቶኮ ያሱኦካ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት ግን ይህን ተቃውመዋል። በእነርሱ አስተያየት አደራደሩን ከምንም በላይ የቀረጸው የሞርስ ምልክት እየሰሙ በመኪናው ይጽፉ የነበሩ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ፍላጎት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካው የሞርስ አጻጻፍ ዜድ የተባለው ፊደል ኤስና ኢ ተከታትለው ሲመጡ ከሚሰሙት ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ እስኪለይ ሦስቱ ቁልፎች ተቀራርበው እንዲጠብቁት ያስፈልግ ነበር። በእርግጥም ዛሬ በገበታችን ላይ ሦስቱ ጎረቤታሞች ናቸው። በአንጻሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ አዘውትረው አብረው የሚመጡት ኢ እና አር ጎን ለጎን መቀመጣቸው፣ ተከታታይ ፊደሎችን ማራራቅ ብቸኛው ዓላማ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ጥያቄው ዛሬም ክርክር የሚያስነሣበት ምክንያት ቀላል ነው። የፓተንቶቹ ጽሑፍ ስለ ክንድና ስለ ምንጭ፣ ስለ ጥርስና ስለ ሮለር በዝርዝር ሲያስረዳ፣ እያንዳንዱ ፊደል በስፍራው የተቀመጠበትን ምክንያት ግን አይገልጽም። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ጣታቸውን ያስለመዱበት ሥርዐት ምክንያቱ ሳይመዘገብ ተላለፈ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አይገኝም።

ከኢሊየን ፋብሪካ እስከ ገበያ

በመጋቢት 1873 ሾልስና ዴንስሞር በኒው ዮርክ ግዛት ኢሊየን ከሚገኘው ከሬሚንግተን ኩባንያ ጋር የማምረት ውል ተፈራረሙ። ይህ ኩባንያ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ጠመንጃ በማምረት የታወቀ ሲሆን፣ ጦርነቱ በ1865 ካበቃ ወዲህ ፊቱን ወደ ልብስ ስፌት መኪናና ወደ እርሻ መሣሪያ አዙሮ ነበር። ሥራው ለስፌት መኪናው ክፍል ባለሙያዎች ስለ ተሰጠ፣ በ1874 የወጣው የጽሕፈት መኪና አበባ የተሣለበት፣ በስፌት መኪና እግር ላይ የቆመ፣ መስመር ሲያልቅም በእግር መርገጫ የሚመለስ ሆነ። ዋጋው 125 ዶላር ነበር፤ የሚጽፈውም በትልልቆቹ ፊደሎች ብቻ ነው። ሬሚንግተኖች ለምርት ሲያዘጋጁት በገበታው ላይ የመጨረሻ ማስተካከያ አድርገዋል፤ በ1872 በታየው ሞዴል ከኢ ቀጥሎ የነበረውን ነጥብ አንሥተው አርን በስፍራው ማስቀመጣቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በስሙ የምንጠራውን ረድፍ ያጠናቀቀው እንኳ ሾልስ ብቻውን አልነበረም።

የመጀመሪያው መኪና ገበያ አላገኘም ማለት ይቻላል። በ1878 ማርሽ ቀይሮ ትልቁንም ትንሹንም ፊደል የሚጽፈው ሁለተኛው ሞዴል በወጣ ጊዜ ግን ቢሮዎች መቀበል ጀመሩ። ሾልስ በዚህ ጊዜ ከትርፉ ተካፋይ አልነበረም። ዴንስሞር ከእያንዳንዱ መኪና የሚገኘውን ድርሻ ሲመርጥ፣ እርሱ መብቱን በ12,000 ዶላር ግድም ሸጦ ነበር። አንዱ ሀብታም ሆነ፤ ሌላው ብዙ ልጆቹን ይዞ በመጠነኛ ኑሮ ቀረ። ሆኖም ከገንዘቡ ይልቅ ያረካው ሌላ ነገር እንደ ነበረ ይታወቃል። ሴቶች በቢሮ ተቀምጠው በደመወዝ የሚተዳደሩበትን በር መኪናው ከፍቶላቸዋልና፤ የገዛ ሴት ልጁም በሞዴሎቹ ላይ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች።

የኋለኞቹ ዓመታት

ሾልስ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ብዙውን ጊዜ በአልጋ ላይ አሳለፈ። ቢሆንም እጁን ከሥራ አላነሣም፤ ልጆቹም ይረዱት ነበር። አብዛኛው ሰው የማያውቀውና በእኔ አስተያየት የሕይወቱ ዋና ምዕራፍ የሆነው ይህ ነው፤ ሾልስ በራሱ ገበታ አልረካም። የመኪናው አሠራር እየተሻሻለ ሲሄድ የቀድሞው አደራደር ግድ አለመሆኑን ተገንዝቦ ሌላ አዘጋጀ። በዚህኛው የላይኛው ረድፍ የሚጀምረው በኤክስ፣ በፒ፣ በኤም፣ በሲና በኤች ሲሆን፣ አናባቢዎቹ በአንድ ወገን ተሰብስበዋል። ፓተንቱ የተሰጠው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1896 ነው።

በዚያ ጊዜ ግን ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊዎች በሬሚንግተን ገበታ ሠልጥነዋል፤ ትምህርት ቤቶች በእርሱ ያስተምራሉ፤ አሠሪዎችም በእርሱ የሠለጠነ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። በ1888 በሲንሲናቲ በተደረገ የፍጥነት ውድድር ፍራንክ መጉሪን የተባለ ጸሐፊ ገበታውን ሳያይ በዐሥሩም ጣቱ እየጻፈ ማሸነፉ የገበታውን ስም ይበልጥ አስጠራው። በ1893 ደግሞ ታላላቆቹ የጽሕፈት መኪና አምራቾች በአንድ ኩባንያ ሥር ሲጠቃለሉ አደራደሩ የጋራቸው ሆነ። የጣት ልማድ ከብረት ይልቅ ጠንካራ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ብረቱ በየዓመቱ ሲለወጥ ልማዱ አልተለወጠምና። ክሪስቶፈር ሾልስ በየካቲት 17 ቀን 1890 ሰባ አንደኛ ዓመቱን በያዘ በሦስተኛው ቀን በሚልዋኪ አረፈ፤ በዚያው ከተማ በፎረስት ሆም መካነ መቃብርም ተቀበረ።

ገበታው በአስኳሉ ውስጥ

የፊደል ክንዶች ከጠፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። የሾልስ ረድፍ ግን ከጽሕፈት መኪና ወደ ቴሌፕሪንተር፣ ከቴሌፕሪንተር ወደ ኮምፒዩተር ተርሚናል ተሻገረ። አይ. ቢ. ኤም. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ቁልፎቹን በረድፋቸው ቅደም ተከተል ቆጠራቸው፤ ኪው የ16 ቁጥር ዕጣ የደረሰው በዚህ አቆጣጠር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ተማሪ በ1991 ሊኑክስን ሲጽፍ ይህንኑ ቁጥር ተቀበለ፤ የከርነሉ የግብዓት ክፍል ዛሬም ቁልፎችን የሚጠራው በእርሱ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ርስት አያያዝ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። በሊኑክስ የመጀመሪያ ወራት የገበታው ትርጉም በከርነሉ ውስጥ ተጽፎ የሚገባ ነበር፤ የፊንላንድ፣ የአሜሪካ፣ የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ገበታ መሆኑ የሚወሰነው ከርነሉ ሲጠናቀር ነው። ሌላ ገበታ የፈለገ ሰው አስኳሉን እንደ ገና ማጠናቀር ነበረበት። ቆየት ብሎ ሁለቱ ነገሮች ተለያዩ። አሁን የከርነሉ የግብዓት ክፍል የሚናገረው በምን ሰዓት፣ ቁጥሩ ስንት የሆነ ቁልፍ፣ ምን እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ሲጫን 1፣ ሲለቀቅ 0፣ ተጭኖ ሲቆይ 2 ይላል። ያ ቁልፍ ምን ፊደል እንደሚጽፍ የሚወስነው ከእርሱ በላይ ያለው የሶፍትዌር ክፍል ነው። አንድ ፈረንሳዊ በገበታው ላይ ኤ የተጻፈበትን የላይኛውን ረድፍ መጀመሪያ ቢጫን፣ ከርነሉ የኪው ቁልፍ ተጫነ ብሎ ይዘግባል። ስሙ የሾልስን ፊደል ቢይዝም ትርጉሙ ስፍራ ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

ይህ መለያየት ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል። ሠላሳ ሦስት ዋና ፊደላት በየሰባት ቤታቸው ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ለላቲን ፊደል በተሠራ ገበታ ላይ ማስፈር አይቻልም። ኢንጂኒየር አያና ብሩና ከእሳቸው ወዲህ የተነሡት ሊቃውንት የግዕዝን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት የደከሙት ይህን ችግር በብረት ለመፍታት ነበር። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩ አንጋፋ ታይፒስቶች እንደሚያስታውሱት፣ የፊደሉን አካልና የአናባቢውን ምልክት ለየብቻ እየመቱ አንድ ፊደል ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን በብዙዎቻችን ኮምፒዩተር የኤል ቁልፍ ተመትቶ ኤ ሲከተለው ላ፣ ዩ ሲከተለው ሉ ይወጣል። ለዚህ ሲባል ከከርነሉ አንዲት መስመር መለወጥ አላስፈለገም፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ትርጉሙ ሁሉ የሚፈጸመው በላይኛው ክፍል ነው። ትርጉሙ በአስኳሉ ውስጥ ተጣብቆ ቢቀር ኖሮ፣ በአማርኛ ለመጻፍ የፈለገ ሁሉ አስኳሉን እንዲቀይሩለት ሌሎችን ደጅ መጥናት በተገባው ነበር።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው

ሾልስ በሁለት ውሳኔዎቹ ይታወሳል። የሞት ቅጣትን ያስቀረው ሕግ የቆየው ተከራክረውበት፣ ምክንያቱንም አውቀው ስላጸኑት ነው። የቁልፍ ገበታው የቆየው ግን ማንም ሳይከራከርበት፣ ከፈልሳፊው ፈቃድ ውጭ፣ ከሥሩ የነበረው ብረት ከጠፋም በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ሊለውጠው የሚፈልግ ምክንያቱን አንብቦ ሊሟገት ይችላል፤ ሁለተኛውን ሊለውጠው የፈለገ ግን የገዛ ፈጣሪው እንኳ አልሆነለትም።

እኛም አንድ ሥርዐት ስናቆም፣ ለተጠቃሚው አስቀድመን የምንሞላለት እያንዳንዱ መልስ ከሁለቱ የአንደኛው ዕጣ ይደርሰዋል። በከርነሉ የጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ለብዙዎቹ ምርጫዎች ለማን እንደሚያስፈልጉና ማን ሊተዋቸው እንደሚችል የሚያስረዳ አጭር ማብራሪያ ከሥራቸው ተጽፏል። በኤቲ ኪቦርድ ሥር ያለውም የተለመደው ዐይነት ገበታ ላለው ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ሌላ ዐይነት ለሚጠቀም ግን እንደማያስፈልግ ይገልጻል። እነዚህን ጥቂት መስመሮች የጻፈው ሰው ሾልስ ያላደረገውን አድርጓል። ምክንያቱን ለሚከተለው መሐንዲስ ትቶለታልና፣ ያ መሐንዲስ አዎንታውን ሊያጸናው ወይም አውቆ ሊሰርዘው ይችላል።

ሾልስን ለመውቀስ አይገባም። በእጁ የነበረው የቴሌግራፍ መምቻ፣ የካርቦን ወረቀትና የወርክሾፕ ብረት ነበር፤ በፊቱ የነበሩትም በመኪናው ላይ ነቀፋ የሚጽፉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በእነዚህ መካከል ቆሞ የሚሠራ ነገር አቆመ፤ ሲያረጅም በሠራው ሳይመካ የተሻለውን ፈለገ። በሞተ በስድስተኛው ዓመት የተሰጠው ፓተንት ጥቅም ላይ ባይውልም፣ መሐንዲስ ከቀድሞ ሥራው ይልቅ ለእውነት መታመን እንዳለበት ይመሰክራል። ከእርሱ ወዲህ የመጣነው ደግሞ የእርሱን ድካም የምናከብረው፣ ነገ ሌላው ሊለውጠው የሚገባውን ነገር ከአስኳሉ ባለማጣበቅና የወሰንበትን ምክንያት ከውሳኔው ሥር በመጻፍ ነው።